ጅማን ሳላይ ጅማ ላይ ቤት ተከራየሁ

የዝውውር ደብዳቤው እጄ የገባው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። ያኔ የምኖረው ደሴ ነበር። በ11 ቀን ውስጥ ጅማ ሄጄ ሥራ እንድጀምር ይላል። ጅማን አይቻት አላውቅም። የማውቀው ቡናዋን ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በስም አውቀዋለሁ። ሰው ቤት ያየሁት ባለ ሦስት እግር በርጩማም አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ብቻዬን ብሆን ግድ አልነበረኝም። አልጋ ይዤ ቀስ ብዬ ቤት እፈልግ ነበር። ግን የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። እርጥበት ሲነካት ደረቷን ያፍናታል። እንደዚያ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ አቅፌያት ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ባለቤቴ ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ለጊዜው እዚያው መቅረቱ ነው። ስለዚህ ልጄን ይዤ ስደርስ ቀጥታ የምንገባበት ቤት የግድ መኖር ነበረበት።

ሄዶ ማየት አይታሰብም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ሌላ 350። ደርሶ መልሱ ብቻ አራት ቀን ይበላል። በዚያ ላይ ሥራ ማስረከብ አለ፣ ዕቃ መሸከፍ አለ፣ ዘመድ መሰናበት አለ። እንደኔ ድንገት ተነሺ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ነርሷ አለች፣ መምህሩ አለ፣ የባንክ ሠራተኛው አለ። ለእነሱ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያደረግኩትን ሁሉ፣ የተበላሁትንም ጨምሬ ልጻፍ።

ከመበላቱ ልጀምር። ደብዳቤው በደረሰኝ ማታ ስልኬ ላይ የጅማ ኪራይ ቤቶችን ማሰስ ጀመርኩ። አንዱ ቤት ልቤን ወሰደው። ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ አሉሚኒየም፣ ከፊቱ ትንሽዬ ግቢ አለችው። «አጂፕ አካባቢ» ይላል። ደወልኩ። ሰውየው ትሑት ነው። እህቴ፣ እህቴ እያለ ነው የሚያወራኝ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰው ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። ቀብድ ከላክሽልኝ ግን ላንቺ አስቀምጠዋለሁ» አለኝ። እዚያው በስልክ 4,000 ብር ላክሁለት። በማግስቱ ማታ ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን ዝግ ሆነ። ዝግ እንደሆነ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀምም አልቻልኩም።

ብሩ አንገብግቦኛል። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን በኋላ ፎቶውን ደግሜ ሳየው ነው። የግቢው ሣር ደርቆ ቢጫ ሆኗል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ጥግ ላይ በማዳበሪያ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ወሩ ሐምሌ ነው! ጅማ ውስጥ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በሐምሌ በርበሬ ውጭ የሚያሰጣ ሰው ከየት ይመጣል? ፎቶው ወይ የከረመ ነው፣ ወይ የሌላ አገር ነው። መልሱ ከመጀመሪያውም ፎቶው ላይ ነበር፤ እኔ ያየሁት ሴራሚኩን ነው። ዛሬ ማንም ፎቶ ቢልክልኝ ከቤቱ በፊት ሰማዩንና መሬቱን አያለሁ። ወቅቱ ካልተገጣጠመ «እስቲ አሁን ከውጭ በር ጀምረህ ቪዲዮ ቅረጽልኝ» እላለሁ። ቤቱ በእጁ ያለ ሰው ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የሌለው ሰበብ ያበዛል።

ከዚያ በኋላ ቤት መፈለጌን ትቼ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ነገሩ የተቃናው ከዚህ ወዲህ ነው።

ጅማ ዘመድ የለኝም። ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተማሪ የሚገባበት ግቢ ነው። የትም ከተማ ብትሆኑ «እኔ እኮ ጅማ ነው የተማርኩት» የሚል ሰው አታጡም። እኔም ለጓደኞቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለዕድራችን ሴቶች ሁሉ ነገርኩ። በአንድ ቀን ውስጥ የጓደኛዬ ወንድም እዚያ መማሩን ሰማሁ። አብራው የተማረች ልጅ ሥራ ይዛ እዚያው ቀርታለች። ስልኳን ሰጠኝ። ደወልኩላት። «ችግር የለውም እህቴ፣ ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነኝ» አለችኝ። የማታውቀኝ ልጅ ናት። ለባጃጅና ለምሳ ብዬ 600 ብር ላክሁላት፣ ካርድም ሞላሁላት። ውለታ ነው ብላችሁ ይህን አትለፉት። የሰው ጉልበትና ቀን ነው የምትወስዱት።

ማታውን ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«እህቴ፣ ፎቶ አትላኪልኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሆነሽ በቪዲዮ ደውዪልኝ። ከአስፋልቱ ጀምረሽ እስከ በሩ እየሄድሽ መንገዱን አሳዪኝ። ከቻልሽ ዝናብ እየዘነበ ወይም እንዳባራ ሂጂ። ስትገቢ መጀመሪያ ሽታውን ልብ በይ። ከዚያ የግድግዳውን ግርጌ በመዳፍሽ ንኪው። ቁም ሣጥን ወይም ሶፋ የተጠጋበት ቦታ ካለ ከኋላው እዪ። ቧንቧውን ክፈቺ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከአከራይዋ ሌላ ተከራዮቹንም ጠይቂ። ቆጣሪው የብቻ ነው የጋራ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ይፈቀዳል? ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው ነው? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል?»

ከዚህ ሁሉ የግድግዳው ነገር ነው የጠቀመኝ። የመጀመሪያው ቤት ቆጪ በኩል ነበር። ደላላ ነው የወሰዳት። በቪዲዮ ሳየው ያምራል። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ክሬም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። «እንዴት ነው?» አልኳት። «ያምራል፣ ግን ሽታው…» አለችና ዝም አለች። አከራዩ አጠገቧ ቆሟል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግድግዳውን ነካችውና መዳፏን ወደ ካሜራው አዞረችው። ቀለሙ እንደ ዱቄት እጇ ላይ ተለጥፏል። መዳፏ ርሷል። ሶፋውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ከጀርባው እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። አከራዩ «ክረምት ስለሆነ ነው፣ በጋ ሲገባ ይደርቃል» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን በጋው እስኪገባ ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው።

ስለዚህ ነገር በኋላ የተማርኩትን እዚህ ላይ ልጨምር። ጅማ ውስጥ ብዙው ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው። ከላይ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ከብሎኬት ቤት አይለይም። ጭቃ ቤት መጥፎ ነው አልልም። በደንብ የተሠራው ይሞቃል፣ ዕድሜም አለው። ክፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የቤቱ ወለል ከግቢው መሬት ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከወረደ፣ ግድግዳው ከሥር ውሃ ይስባል። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ደግሞ ዝናቡ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ በቪዲዮ ስታዩ ሁለት ነገር አሳዩኝ በሉ። አንደኛ፣ ከግቢ ወደ ቤት ሲገባ ደረጃ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አሸንዳ አለ ወይ? አሸንዳው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያፈስስም እዩ። ሳምንቱን ቀለም የተቀባ ቤት ካጋጠማችሁ ደግሞ ለምን አሁን በክረምት እንደተቀባ ጠይቁ።

ሁለተኛው ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲው በኩል ነው። ሰባት ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ለብቸኛ ሰው ይሆናል፤ ለእኛ አልሆነም።

ሦስተኛውን ያገኘችው በደላላ አይደለም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብታ ለስላሳ እየጠጣች ባለሱቁን ጠየቀችው። «እዚህ ጋ እናት አሉ፣ ሰርቪሱ ባለፈው ሳምንት ተለቋል» አላት። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ወዲያው ደወለችልኝ። ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ተወጥቶ የሚገባ። አሸንዳው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ በርሜል ተቀምጧል። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ደረቅ ነው። ሴራሚክ የለም፣ አሉሚኒየም የለም። የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ደስ አለኝ።

ስልኩን ለአከራይዋ ሰጠቻቸው።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። አንቺ ነሽ ከሩቅ የምትመጪው? ከወዴት ነሽ?»

«ከደሴ ነኝ እማማ።»

«ወሎዬ! ይኸው ጎረቤቴም ወሎዬ ናት። ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?»

የውሃውን ነገር ጠየቅኳቸው። «ውሃ በየሦስት ቀኑ ነው ልጄ፣ አልዋሽሽም። አንዳንዴም ትቆያለች። ሮቶ አለን፣ እየቆጠብን እንጠቀማለን» አሉኝ። ልጅቷ ደግሞ ቀደም ብላ ከጎን ያለችውን ተከራይ ጠይቃ ነበር። እሷም በየሦስት ቀኑ ነው ያለቻት። የሁለቱ ቃል አንድ ሆነ። እኔ ልቤን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው። ውሃው ቢበዛ ይሻል ነበር፤ ግን የሚጎድለውን ራሷ የምትነግር አከራይ አገኘሁ።

ቀጥሎ የገንዘቡ ወሬ መጣ። ኪራዩ በወር 7,000 ብር ነው። የስድስት ወር በቅድሚያ እንድከፍል ጠየቁኝ፤ 42,000 ማለት ነው። አልነበረኝም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የጸደቀው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር። አዋጁ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም ይላል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ የክልል ከተሞች ላይ ግን ክልሉ ወስኖ በሚያስጀምርባቸው ነው። የምትሄዱበት ከተማ ውል ይመዘገብ እንደሆነ ቀበሌውን ወይም ወረዳውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

እኔ አዋጅ ጠቅሼ እማማን ማስፈራራት አልፈለግኩም። አብሬያቸው አንድ ግቢ ልኖር ነው። «እማማ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው 4,000 ብር በልቶኛል። የአሁኑ አዋጅም ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም። የሁለት ወሩን ልክፈልዎት፣ ከዚያ በየወሩ በባንክ አስገባለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄም ስለ አዋጁ ነግሮኛል። ይሁን» አሉኝ።

ከመላኬ በፊት ግን መታወቂያቸውንና የቤቱን ካርታ ልጅቷ እንድታይ ጠየቅኳቸው። ይህን ስጠይቅ አፍሬ ነበር። ሽማግሌ ሰው ላይ እንዲህ ማለት ይከብዳል። እሳቸው ግን «ደግ አደረግሽ» ብለው ካርታውን ከሣጥን አወጡት። ካርታው ላይ ያለው ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስም፣ የባንክ ሒሳቡ ስም፣ ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። «ገንዘቡን በወንድሜ ሒሳብ ላኪው» ከተባላችሁ ቆም በሉ።

የመጀመሪያውን ወር ውሉ ተጽፎ ሲደርሰኝ፣ ሁለተኛውን ቁልፍ ስረከብ ለመክፈል ተስማማን። ውሉን ልጃቸው ጽፎ በፎቶ ላከልኝ። ሁለት ቦታ አስተካከልኩ። ጣሪያ ቢያፈስ የሚያሳድሰው ማን እንደሆነ አይልም ነበር። የመብራትና የውሃ ሒሳብ እንዴት እንደምንካፈልም አይልም። ልጅቷ ውክልና ስለሌላት በእኔ ስም አትፈርምም፤ የፈረምኩት እንደደረስኩ፣ በምስክር ፊት ነው። ገንዘቡን ስልክ ግን ምክንያቱ ላይ «የነሐሴ 2016 የቤት ኪራይ» ብዬ ጻፍኩ። ይህችን መስመር ባዶ አትተዉ። ደረሰኙ በኋላ ምስክራችሁ ነው።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል። ደላላ አያስፈልግም የሚሉትን አልስማማባቸውም። ከተማውን በእግሩ ያውቃል፣ በአንድ ቀን አራት ቤት ያሳያል። ግን እሱ የሚከፈለው ቤቱ ሲያዝ ነው። እርጥበት አለው ብሎ እንዲነግራችሁ አትጠብቁ። ኮሚሽኑን ቤት ሳያሳያችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ክፍያውን ቁልፍ ከጨበጣችሁ በኋላ አድርጉት። ባለሱቅ፣ ባለ ባጃጅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት፣ እነዚህ ሰዎች የሚያውቁትን ቤት ደላላውም ላያውቀው ይችላል።

ዕቃውን በተመለከተ አልጋና ሶፋዬን ደሴ ሸጥኩ። ለአይሱዙ ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ መሸጡ ያዋጣል። ደግሞም ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት። ይዤ የሄድኩት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ምጣድና የልጄን መድኃኒት ነው።

አዲስ አበባ አድረን በነጋታው በአውቶቡስ ተነሳን። ወልቂጤን አልፈን ግቤ በረሃ ስንወርድ ልጄ ሹራቧን አወለቀች። ሰኮሩ ላይ መልሳ ለበሰች። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጅማ ስንገባ ይዘንባል። ባጃጁ በር ላይ ሲያወርደን እማማ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ቤቱን ሳየው በቪዲዮ ያየሁት ቤት ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን መንካት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን አንድ ድምፅ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰን። መጋዝ ነው። ከአጥሩ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት አለ! ማሽኑ ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ የሄደችው እሑድ ስለነበር ዝግ ነበር፤ ጭጭ ያለ ሰፈር ነው ያየነው። እማማም አልደበቁኝም፤ 20 ዓመት አብረውት ስለኖሩ ድምፁ መሆኑን ረስተውታል። ከድምፁ የባሰው ብናኙ ነበር፤ የልጄ ደረት አለ። አጥሩ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁና መኝታችንን ወደ ሌላኛው ክፍል አዞርኩ። ከዚያ ሄጄ ባለቤቱን አናገርኩት። ሰላምታ በኦሮምኛ ተምሬ ነበር፤ «አካም ጅርቱ» ስለው ሳቀና በአማርኛ መለሰልኝ። የልጄን ነገር ነገርኩት። መላጊያውን ከአጥሩ አንስቶ ወደ ማዶ አዛወረው። አልጋችንን የሠራልንም እሱ ነው። ስለዚህ ያን መልእክት ዛሬ ብጽፈው አንድ መስመር እጨምርበታለሁ፦ «ቤቱን በሥራ ቀን ጠዋትም አንድ ጊዜ እዪው።» እሑድ ብቻ ነፃ የሆነ ሰው ከሆነ የላካችሁት፣ ሰኞ ጠዋት ባለ ባጃጅም ቢሆን ሁለት ደቂቃ በሩ ላይ ቆሞ ይደውልላችሁ።

የሚልኩት ሰው ጨርሶ ያጡ ሰዎች ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምለው አንድ ነው። ከሩቅ ሆናችሁ ቤት አትያዙ። ለሰባት ሌሊት ፔንሲዮን ያዙ፤ መሥሪያ ቤታችሁ አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው። ልጅ ካላችሁ ዘመድ ጋ ለሳምንት አቆዩት። የሰባት ሌሊቱ ዋጋ ውድ ይመስላል፤ ስድስት ወር ከፍሎ እርጥብ ቤት ውስጥ ከመቆየት ግን በብዙ ይረክሳል። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሰፈር፣ ማታ ከሥራ በኋላ ሌላ ሰፈር በእግራችሁ ዙሩ። ዝናብ ከመጣ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ፤ ቤት የሚታየው ያኔ ነው።